ዱላው ይተኛል

ባለፈው ሐሙስ ዓለም ገና ላይ አንድ በሬ መንገድ ዘጋ። ነገሩ እዚያ አዲስ አይደለም። የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ሁሉ ተደርድሮ ጥሩምባ ይነፋል፤ በሬው አስፋልቱ መሀል ቆሞ ያመነዥካል። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ገመዱን ቢጎትቱም አልሆነላቸውም። እኔ ከሰበታ ለሥራ ጉዳይ መጥቼ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሾፌሩ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወረደና «አባባ፣ ዱላዎን አንዴ» ብሎ ከሽማግሌው ተቀበለ። የበሬውን ታፋ ሁለቴ ቸብ ቸብ አደረገው። በሬው ተንቀሳቀሰ። በዚህ መሀል ባጃጁ፣ ፍሬኑ በደንብ አልተያዘም መሰለኝ፣ እኛን እንደጫነ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ልጁ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ዱላውን ወርውሮ ይሮጥ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ አለ፤ ዱላውን በሁለት እጁ ሽማግሌው እግር ሥር አስተኛው፤ ከዚያ ሮጠ። ደርሶም ባጃጁን አስቆመው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ዱላ ታስተኛለህ እንዴ? ሰው ጭነህ እኮ ነው! አልጋም አንጥፍለት!» ብላ ጮኸችበት። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በዓይኔ ባላየውም፣ እንደዚያ ዱላ ማስቀመጥ የምታስተምር አንዲት ሰው እንደነበረች ሰምቻለሁ። እሷም እህቴ ናት።

ዓለሚቱ ትባላለች። ትባል ነበር። ይህን ቃል ማስተካከል እስካሁን አልለመድኩም። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔ እታለም እላታለሁ፣ ተማሪዎቿ ቲቸር ይሏታል። የፊታችን እሑድ ሙት ዓመቷ ነው። ኩላሊቷን ነበር የታመመችው። ቡራዩ ቤቷ ተኝታ በነበረበት በመጨረሻው ሰሞን፣ አንድ ቀን ሰው ሁሉ ወጣ ሲል ጠራችኝ። «በቄ፣ ቅዳሜን አትዝጋብኝ» አለችኝ። ቅዳሜ ማለት ልጆቹ ናቸው። ቡራዩ ውስጥ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሃያ የሚሆኑ ትንንሽ ልጆች ሰብስባ ሶፍትቦል ታሠራ ነበር፤ መወርወር፣ መያዝ፣ መምታት፣ መሮጥ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ቀላል ነው። ከቀብሯ በኋላ ዱላዋንና ጓንቶቿን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ሰበታ ወሰድኳቸው። ከቤቴ በር ጀርባ አቆምኳቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ቅዳሜ አለፈ፤ አንዱንም አልሄድኩም። የአንዷ ልጅ እናት ስልክ ደውላ «ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ ሜዳው ላይ ቆመው ቆመው ነው የሚመለሱት» አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። ሁለተኛ ስትደውል አላነሣሁም። የብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቅዳሜ ሥራ የለንም።

ለምን እንዳልሄድኩ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ወደ ሱሉልታ። ያኔ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋ ሣር ነበረች፤ አሁን በቆርቆሮ የታጠረው ሁሉ ያኔ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። መስከረም ሲጠባ አደይ ይሸፍነዋል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያመላልሱት ሰዎች ከጉም ውስጥ መጀመሪያ ጣሳቸው ሲጋጭ ይሰማል፣ ከዚያ ነው ራሳቸው የሚታዩት። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ በሁለት ብር ያደርሳል። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ጫንጮ! ጫንጮ ጫንጮ!» ይላል። መንገዱ ዳር፣ መገንጠያው ጋ፣ አንዲት ሴት ፓስቲ ትጠብስ ነበር፤ አንዱ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ትሰጣለች፤ ጋዜጣው ዘይት ስለሚጠጣ የፊት ገጹ ሰውዬ ፊቱ ያበራል። ከሷ አጠገብ ካሴት የሚሸጥ ቤት ነበር። ባለቤቱ አንዱን ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ነው የሚያሰማን። ዛሬም ያ ዘፈን ሲመጣ ፓስቲ ፓስቲ ይሸተኛል። እህቴ በዚያ መንገድ ስታልፍ አሁንም ትታየኛለች፤ በጎንና ጎኑ ሁለት ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ቱታ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፣ ፀጉሯ በሻሽ የታሰረ። ቱታ ለብሳ የምትሄድ ሴት ያኔ ሱሉልታ ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች። ሽማግሌዎቹ «የማን ልጅ ናት ሱሪዋን ሳትቀይር የወጣችው?» ይሉ ነበር። የሚያውቋት ደግሞ «የኛው ናት፣ አስተማሪ ሆናለች» ይላሉ፤ ትንሽ እያፈሩ፣ ትንሽ እየኮሩ።

ሶፍትቦልን የተማረችው አስተማሪ ለመሆን ስትሠለጥን ነው። አንዲት ፈረንጅ መጥታ ሁለት ሳምንት አሠራቻቸው፤ ስትሄድ ለእህቴ አንድ የብረት ዱላ፣ አምስት ጓንትና አሥር ኳስ ሰጠቻት። ብረቱ ቀላል ነው፣ ውስጡ ባዶ። ኳሱ ቢጫ ነው፣ ትልቅ ትርንጎ ያህላል። እህቴ ሱሉልታ ለሰበሰበቻቸው ልጆች ስሙ ለስላሳ ኳስ ማለት ነው ብላ ስትነግራቸው አንዱ ልጅ በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ «ቲቸር፣ ይቺ ለስላሳ ከሆነች ድንጋይም ቅቤ ነው» አላት። ስለዚህ መጀመሪያ በካልሲ ኳስ ጀመረች። ጓንቶቹ ደርቀው ስለመጡ አባቴ በኑግ ዘይት አሻቸው፤ የበሬ ጠፍር እንደሚያለሰልሰው አድርጎ፣ ማታ ማታ፣ እየተቆጣ። «ለበሬ የሚሆን ዘይት ለፈረንጅ እጅ!» ይላል፤ ግን ያሻል። ጓንቶቹ እስከ ዛሬ ኑግ ኑግ ይሸታሉ። ከበሩ ጀርባ ያለውን ከረጢት ያልከፈትኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እኔ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም፤ እቤት ተቀምጫለሁ። እታለም «ና፣ አብረን እናሠራቸው» አለችኝ። ልጆቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ግማሹ ኮንጎ ጫማ ያደረገ። ኳስ ሲመጣባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ደረታቸው ላይ ያቅፉታል፣ ወይም ይሸሻሉ። እሷ አትጮህም። «ከትልቅ ሰው ዕቃ ስትቀበሉ በስንት እጅ ነው?» ትላለች። «በሁለት!» ይላሉ። «ኳሷ አሮጊት ናት። በሁለት እጅ ተቀበሏት፤ ዓይን ዓይኗን እያያችሁ።» መሬት ለመሬት ስትንከባለል ደግሞ «ጎንበስ በሉላት! አሮጊት ስትመጣ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ?» ልጆቹ ይጎነበሳሉ። መወርወር ግን ማስተማር አላስፈለጋትም፤ ሰብል ከወፍ ሲጠብቁ በወንጭፍ ያደጉ ናቸው። አንዳንዱ ከእኔ አርቆ ነበር የሚወረውረው። እሱ ትንሽ ያናድደኝ ነበር፤ ልደብቅ አልፈልግም።

አራት ማረፊያ ያስፈልጋል። ከመምቻው ቦታ ተነሥቶ ሦስቱን ዞሮ ወደ መምቻው የተመለሰ ነጥብ ያገኛል፤ ኳሱ ቀድሞት ማረፊያው ከደረሰ ግን ከጨዋታ ይወጣል። በማዳበሪያ ከረጢት ጭድ ሞልተን አራት ትራስ ሰፋን። የመምቻው ስም ቤት ነው። የሌሎቹን ስም ልጆቹ መያዝ አልቻሉም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ ስትላቸው የፈተና ደረጃ እየመሰላቸው ሁሉም አንደኛው ላይ መቆም ይፈልጋል። አንድ ቀን እታለም ሳቀችና እንደ ረዳቱ አፏ ላይ እጇን አድርጋ፣ የዚያን መንገድ ከተሞች በየተራ እየጠራች፣ «ጫንጮ! ሙከጡሪ! ፍቼ! ወደ ቤት!» አለች። አለቀ። ከዚያ ወዲያ የተሳሳተ የለም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንዲት ላም በሜዳው ጥግ መጥታ ሙከጡሪን በላችው። ትራሱን ቀዳ ጭዱን ጎልጉላ። ሙከጡሪ ላይ የቆመው ልጅ እያለቀሰ «ቲቸር፣ ከተማዬን በላችብኝ!» አለ። ይህን ስጽፍ ሳቅሁ። ለዓመት ያህል ስለ እህቴ ሳስብ ስስቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ያስቸገረን ዱላው ነው። ልጁ ኳሱን ይመታል፣ ግን ዱላውን ይዞ ይሮጣል። በጨዋታው ሕግ የመታ ልጅ ዱላውን ጥሎ ነው መሮጥ ያለበት፤ ይዞ ከሮጠ ሌላውን ይጎዳል። «ጣለው!» ትላለች። አይጥልም። የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ዱላ ከእጅ አይወጣም፤ ከብት ሲጠብቁም እንደዚያው። ዱላውን የጣለ ልጅ እቤቱ ምን እንደሚባል እኔም አውቃለሁ፤ አባቴ እኔንም ብሎኛል። ሦስት ቅዳሜ ለመነቻቸው። አንዱ እንዲያውም ጫንጮ ደርሶ፣ ሙከጡሪ ደርሶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እንደ ሽማግሌ ቆመ። እሷ ግን አልቸኮለችም። «ይቆዩ፣ መንገድ አለው» ትለኛለች። እኔ ቸኮልኩ። ሱሉልታ ውስጥ ያኔ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ በሃምሳ ሳንቲም አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን እናይ ነበር። እዚያ አንድ ፊልም ላይ አንዱ መትቶ ዱላውን ወደ ኋላው አሽቀንጥሮ ሲሮጥ አይቻለሁ። በጣም ነበር ያማረኝ።

ኅዳር ውስጥ ነው፤ አጨዳው ያለቀ ሰሞን። እታለም ውሃ ልትጠጣ ዞር ስትል ተራው የደረሰውን ልጅ ጆሮ ላይ ጎንበስ አልኩ። ለሚ ይባላል፤ የኦቦ ቱሉ ልጅ፣ ስምንት ዓመቱ። «ስትመታ ዱላውን ወደ ኋላ አሽቀንጥረው። ወንድ ከሆንክ» አልኩት። ይህን የመጨረሻውን ቃል ባልጨምረው ጥሩ ነበር። እሷ ተመልሳ ከኋላው ቆመች፤ ትንሽ ጠጋ ብላ፤ እግሩን ልታስተካክልለት ነበር። እኔ ኳሱን ከታች ወደ ላይ ወረወርኩለት። መታው። በደንብ መታው። ዱላውንም እንዳልኩት አደረገ። የብረቱን ድምፅ ሰማሁ፤ ኳስ ሲመታ ከሚሰማው የተለየ ነው። ግንባሯን ይዛ ተንበረከከች። ለሚ አላየም። እየሮጠ ነው። አቁም ያለው ሰው የለም። ጫንጮን ረገጠ፣ ሙከጡሪን ረገጠ፣ ፍቼን ረገጠ፤ ፊቱ ሁሉ ሳቅ ሆኖ፣ እጁን ዘርግቶ ወደ ቤት ገባ። ቤት ላይ የጠበቀው ደም ነው።

ልጆቹ በለሚ ላይ ጮኹ። የሚያልፉ ገበሬዎች ጮኹበት። እኔ ምንም አላልኩም። ክሊኒክ ሄደን ቅንድቧ ላይ አራት ቦታ ሰፏት። ለእናታችን «ከበረቱ በር ጋር ተጋጭቼ ነው» አለቻት። ማታ ብቻችንን ስንሆን በአንድ ዓይኗ አየችኝ፤ ሌላው ተሸፍኗል። «ያ ልጅ ዱላ አይጥልም ነበር። ማነው ወርውር ያለው?» አለችኝ። «እኔ እንጃ» አልኳት። መሶቡን ወደ እኔ አስጠጋች። ከዚያ «እሺ። እራትህን ብላ» አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሆዴን አመመኝ አልኩ። በሚቀጥለውም። ከዚያ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ወረድኩ፣ ከዚያ ሰበታ። እሷም ሥራዋ ወደ ቡራዩ ተዛወረ፤ እዚያም ሌሎች ልጆች ሰበሰበች። ቤቷ ስሄድ ቅዳሜ እንዳይሆን እጠነቀቅ ነበር። ዱላውን እንደገና በእጄ የነካሁት ከቀብሯ በኋላ ነው። አስከሬኗን ሲገንዙ ያቺ ጠባሳ ቅንድቧን ለሁለት ከፍላ ነበረች።

እንግዲህ ዓለም ገና ላይ ተሳፋሪው ሲወርድ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። «ወንድሜ፣ ዱላ እንደዚያ ማስቀመጥ ማን አስተማረህ?» አልኩት።

ሾፌሩ ሳቀ። «አንተም ልትሰድበኝ ነው? የልጅነት አመል ነው ባክህ። የሱሉልታ ልጅ ነኝ፤ አንዲት ቲቸር ነበረችን። ሳላስተኛው መሮጥ አልችልም።»

ያንን ሳቅ አወቅሁት፤ ያኔ ወደ ቤት ሲገባ ፊቱ ላይ የነበረው ነው። «ለሚ» አልኩት።

መስታወቱን ትቶ ዞሮ አየኝ። ፊቴን መረመረው። «ጋሽ በቀለ! አንተ ሰውዬ፣ ሸበትክ እኮ!» ወርዶ አቀፈኝ። «አካም ጂርታ? እንዴት ነህ? ቲቸርስ? ደህና ናት?»

«አርፋለች» አልኩ። «ዓመት ሊሆናት ነው።»

ባጃጁን ተደግፎ ቁጭ አለ። መንገዱ ዳር፣ አቧራው ላይ። ከኋላችን ያለው ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ፤ በእጁ እለፍ አለው። «ይቅርታ እጠይቃታለሁ እያልኩ» አለ። «ትንሽ ራሴን ስችል፣ የራሴን ባጃጅ ስገዛ እያልኩ። ያ ጠባሳ ነበራት እስከ መጨረሻው?»

«ነበራት። ለሚ፣ አንተ አላጠፋህም። ወርውር ያልኩህ እኔ ነኝ።» አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሳልዘጋጅ ወጣ።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ። «ጆሮዬ ላይ አይደል እንዴ ያልከኝ? ሲጋራ ሲጋራ ትሸት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ተናግሬያለሁ እንጂ! የዚያኑ ቀን ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ‹የቲቸር ወንድም ነው ያዘዘኝ› አልኩት። ሁለተኛ እዚያ ሜዳ እንዳትደርስ አለኝ። ለአባትህ ሊነግርም ተነሥቶ ነበር። ጠዋት ላይ ግን ቲቸር ራሷ መጣች፤ ፊቷ በፋሻ ታስሮ። በራችን ላይ ቆማ ምን አለች መሰለህ? ‹ኦቦ ቱሉ፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ እኔ ያልኩትን ነው የደገመው። ጥፋቱ የኔ ነው።›»

እኔም አጠገቡ አቧራው ላይ ቁጭ አልኩ።

«አባቴ ተቆጣ። ‹አንቺ አስተማሪ ሆነሽ! ኡሌን ሂን ገተሙ!› አላት። ዱላ አይጣልም ማለቱ ነው፣ ታውቃለህ። እሷ አልተከራከረችም። ‹ታዲያ እርስዎ ያስተምሩኝ። ሰው ሁለት እጁን ነፃ አድርጎ መሮጥ ሲኖርበት ዱላውን ምን ያድርገው?› አለችው። አባቴ ብዙ አሰበ። እኔ በሩ ሥር ሆኜ አያለሁ። ከዚያ ዱላውን እግሯ ሥር አስተኛላት። ‹ሰው ቤት ስገባ እንዲህ ነው የማደርገው። ይተኛል እንጂ አይጣልም› አላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤት አጠገብ በአመድ ክብ ሠራች። ‹የኦቦ ቱሉ አልጋ› አለችው። የመታ ሁሉ ዱላውን እዚያ ያስተኛል፣ ከዚያ ይሮጣል። ጊዜ ይፈጅ ነበር፣ ግን ማንም አልተጎዳም። አንተ የዚያን ቀን የት ነበርክ?»

ሆዴን አሞኝ ነበር አላልኩትም። እሷ ታውቅ ነበር። «ማነው ወርውር ያለው» ብላ ስትጠይቀኝ መልሱ ቀድሞ በውስጧ ነበር፤ እኔ እንድነግራት ነው የጠየቀችኝ። አልነገርኳትም። በነጋታው ሄዳ ስለ እኔ ጥፋቱን ተሸከመች። ከዚያ አሥራ ስምንት ዓመት አብረን በላን፣ በዓል አከበርን፣ እናታችንን ቀበርን፤ አንድ ቀን አልተነፈሰችውም። እኔ የደበቅኳት መስሎኝ ስሸሻት ኖርኩ። የደበቀችኝ እሷ ነበረች። ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ደግሞ ከሰው ሁሉ እኔን ጠርታ ቅዳሜን የሰጠችኝ።

ለሚ ተነሣ፤ ሱሪውን አራገፈ። «ቡራዩ ያሉት ልጆች አሁን ማን ያሠራቸዋል?» አለኝ።

«ማንም።»

አልወቀሰኝም። «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የሚሰበሰቡት?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ዱላውን ይዘህ ና። አብረን እንሄዳለን። እኔ በባጃጅ አዲስ አበባን አላቋርጥም፣ ይቀጡኛል፤ በታክሲ ነው።»

ትናንት ቅዳሜ ሄድን። ከሰበታ ቡራዩ ቅርብ ይመስላል፤ ግን ሦስት ታክሲ ነው። ከረጢቱን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ኑጉ ሸተተ። ረዳቱ «አባት፣ ለከረጢቱም ትከፍላለህ» አለኝ፤ ለሚ «ቲቸር ናት የተቀመጠችው፣ አስተማሪ አታስከፍልም» አለው። ረዳቱ አልገባውም፤ ተወን። ሜዳው ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ ባላለቁ ቤቶች መሀል ነው። አሸዋ ተከምሮበታል፣ ግማሹን የብየዳ ቤት ብረት ይዞታል። ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። ሰባት ልጆች ቆመው አገኘን። አንዲት እናት ተቀምጣለች፤ ያች የደወለችው መሆኗን በድምፅዋ አወቅሁ። «መጣህ» ብቻ ነው ያለችኝ።

ልጆቹ ትራሶቹን ራሳቸው አስቀመጡ። እዚህ ስማቸው ሌላ ነው፤ ሆለታ፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ቤት። አመድ አልነበረንም፤ ለሚ በአሸዋ ክብ ሠራ። እኔ ጓንቱን አደረግሁ። ምን ልበላቸው? «ኳሷ አሮጊት ናት» አልኩ። ሁሉም ባንድ ላይ «በሁለት እጅ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቀለለኝ። በመጨረሻ ተራው የአንዲት ትንሽ ልጅ ሆነ፤ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከታላቅ ወንድሟ ጋር የመጣች፣ ዱላ ይዛ የማታውቅ። ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ አድርጌ ወረወርኩላት። ሁለቴ ሳተች። በሦስተኛው ነካችው። ኳሱ ጥቂት ተንከባለለ። እሷም ዱላውን ደረቷ ላይ አቅፋ ሮጠች።

ማለት ያለብኝን አውቃለሁ። ለሚ አየኝ። ልጆቹም አዩኝ፤ እነሱ መናገር ይችሉ ነበር፣ ግን የአሠልጣኙ ሥራ መሆኑን ስለሚያውቁ ጠበቁኝ።

«አስተኚው!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ።

ልጅቷ መንገድ ላይ ቆመች። ተመለሰች። ክቡ ውስጥ ተንበርክካ ዱላውን በሁለት እጇ አስተኛችው፤ እንዳይንከባለልም ትንሽ አሸዋ ከጎኑ አደረገችለት። ከዚያ ሮጠች። ሆለታ ስትደርስ ኳሱ ቀድሟት ደርሶ፣ ልጁ ኳሱን ይዞ ትራሱን ረግጦ ቆሟል።

«ቲቸር! ወጥታለች! ወጥታለች አይደል ቲቸር?» አሉ።

ማንን እንደሚጠይቁ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ያልተለሰነ ግድግዳ ነው ያለው። ማንም አልነበረም።

«ወጥታለች» አልኳቸው። «ግን ዱላውን አስተኝታለች። ይደገምላት።»